ሥራ በዘመድ ነውን? ለኮሌጅ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

ልጅ ከኮሌጅ በተመረቀ ዕለት በቤተሰቡ ዘንድ ታላቅ ደስታ ይሆናል። ድግስ ይደገሳል፥ ፎቶግራፉ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፥ ጎረቤትም «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ ይገባል፥ ይወጣል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን በዚያው ቤት ሌላ ነገር ይሰማል። አባት «ምነው አንድ ባለሥልጣን ዘመድ እንኳ በኖረን» ይላል፤ እናት ስእለት ትሳላለች፤ ልጁም ማመልከቻውን ይዞ ከአንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ይዞራል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የተማረ ልጅ ሥራ የሚያገኘው በዘመድ ነውን? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ቀድሞ ይህ ጭንቀት ብዙ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ መሥሪያ ቤቱ ተማሪውን ይፈልግ ነበር እንጂ ተማሪው መሥሪያ ቤቱን አይፈልግም ነበር። በደርግም ዘመን ከኮሌጅ የወጣ ወጣት በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራ ይሄድ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ምደባው ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ተበራከቱ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆነ። እንግዲህ የዛሬው ተማሪ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ሥራውን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

መርካቶ የሚያስተምረን

ለጥያቄያችን መልስ ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ብዙዎቻችን የምንነግድበትና የምንገበይበት መርካቶ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ጣልያን አዲስ አበባን ይዞ በቆየበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ገበያው ከአራዳ ከጊዮርጊስ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ መርካቶ የሚለውም ቃል በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከጉራጌ አገርና ከሌላውም ክፍል የመጣ ስንቱ ልጅ አንድም የሥራ ማስታወቂያ ሳያነብ በዚህ ቦታ ሥራ አግኝቶአል! እንዴት አድርጎ? አስቀድሞ በአገሩ ልጅ ቤት ያርፋል፤ ጫማ በመጥረግ ወይም ጥቃቅን ዕቃ በማዞር ይጀምራል፤ ትጋቱንና ታማኝነቱን ያየ ነጋዴ ወደ ሱቁ ያስገባዋል፤ ከዓመታት በኋላም በዕቁብ በደረሰው ገንዘብ የራሱን ሱቅ ይከፍታል። የአገሩ ልጅ የሰጠው ማደሪያና የመጀመሪያውን እንጀራ ነው፤ ወደ ሱቁ ያስገባው ግን በሰው ፊት የሠራው ሥራ ነው።

ዕቁብንም እንመልከት። ዳኛ አለው፥ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለትም ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆነው ሰውዬውን የሚያውቅና ስለ እርሱ «እኔ አለሁ» ለማለት የሚደፍር ነው። በነጋዴ ቤት ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሲቀጠርም እንደዚሁ ዋስ ይጠየቃል። ስለዚህ የዚህ ገበያ ጥያቄ «ማን ያውቅሃል?» የሚል ነው። ይህም «የማን ዘመድ ነህ?» ከሚለው እጅግ የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ዘመድ በልደት ይገኛል፥ መታወቅ ግን በሥራ ነው።

የሊቃውንት ምርምር

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህንኑ መርምረውታል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በቦስተን ከተማ አቅራቢያ የሚኖሩና በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን ከነገራቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት ከመቶ 17 እንኳ አልሞሉም፤ ከመቶ 56 ያህሉ አልፎ አልፎ ብቻ፥ 28 ያህሉ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚገናኙ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ዘመዳችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ ራቅ ያለው ሰው ግን ከማናውቀው ሰፈርና ሙያ አዲስ ወሬ ያመጣልናል። «ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ከአመዱ» የሚለው ተረታችን ለመጽናናት ይበጃል፤ ለሥራ ፍለጋ ግን አይበቃም።

በሸማ ተራ የሚነግድ አንድ አባት ቢኖር፥ በዓመት ውስጥ ከስንት ዓይነት ሰው ጋር ይገናኛል? ከባንክ ሠራተኛ፥ ከጉምሩክ አስተላላፊ፥ ከጭነት መኪና ባለቤት፥ ግብሩን ከሚያሰላለት ሒሳብ ዐዋቂ ጋር ይሠራል። እናትም በዕድርና በማኅበር ከነርስ፥ ከመምህርት፥ ከመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ጋር ትቀመጣለች። ልጁ ግን የአባቱን ሱቅ ለተማረ ሰው የማይሆን ቦታ አድርጎ ስለሚቈጥረው፥ ከነዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ ሳይጠይቅ ይመረቃል። ሀብት በቤት ተቀምጦ በደጅ መለመን ማለት ይህ አይደለምን?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፥ ተማሪው ምረቃን ሳይጠብቅ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ፥ ቤተሰቡ የሚያውቃቸውን ሰዎች ከነሙያቸው በደብተር ይጻፍ። ቀድመው የተመረቁትን ጓደኞቹንና መምህራኑን፥ በሰንበት ትምህርት ቤትና በግቢ ጉባኤ የሚያውቃቸውንም አይርሳ።

ሁለተኛ፥ ወደ እነዚህ ሰዎች ሲሄድ «ሥራ ፈልጉልኝ» አይበል፤ እንዲህ ያለው ልመና ሰሚውን ያስጨንቃል። ይልቁንም በአክብሮት «ጋሼ፥ እርስዎ ይህን ሥራ እንዴት ጀመሩት? በዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ምን ማወቅ አለበት? ሌላስ ማንን ብጠይቅ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቅ። ምክር የሚጠየቅ ሰው ደስ ይለዋል። ተማሪውም ተመልሶ ምክሩ ምን እንዳስገኘለት ይንገረው፤ ያመሰገነ ልጅ አይረሳምና።

ሦስተኛ፥ በክረምት ጥቂት ይሥራ። በ1995 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ መሰብሰብ ከተጀመረ ወዲህ መዝገብ በሚገባ መያዝ ለነጋዴ የግድ ሆኖበታል። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ደረሰኝ ቢያስተካክል፥ የዕቃ ቆጠራ ቢያግዝ፥ በመጨረሻም የሠራውን የሚመሰክር ደብዳቤ ቢቀበል፥ ዋሱን በእጁ ያዘ ማለት ነው።

አራተኛ፥ ችሎታውን ማስረዳት ይማር። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፥ በአዲስ አበባ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ለአንዳንዶቹ የመጓጓዣ ገንዘብ፥ ለሌሎቹ ደግሞ ችሎታቸውን ለአሠሪ የሚያስረዱበትን ሥልጠና ሰጥተው ነበር። ለጊዜው ሁለቱም ጠቀሙ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የመጓጓዣው ጥቅም ጠፍቶ፥ ሥልጠናውን ያገኙት የተሻለ ገቢ ሲያገኙ ታዩ። ስለዚህ ማመልከቻው አጭርና እውነተኛ ይሁን፤ «ታታሪ ነኝ» ከማለት የሠራውን ነገር ቢጽፍ ይበልጣል።

ጋዜጣና የማስታወቂያ ሰሌዳ፥ ዛሬም በቴሌግራም የሚወጣው ማስታወቂያ፥ መታየት አለባቸው። ነገር ግን «አስቀድመህ ገንዘብ ክፈልና አስቀጥርሃለሁ» ከሚል ሰው መራቅ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ መሆኑን ደንግጎአል።

ስለ ሴት ልጆቻችን

ወንዱ ልጅ ከአባቱ ጋር ሱቅ ሲውል ብዙ ሰው ይለምዳል፤ ሴቲቱ ግን ከትምህርቷ ወደ ቤት፥ ከቤትም ወደ ጓዳ ስለምትመለስ፥ በብልኀት ሳታንስ በትውውቅ ታንሳለች። አባት ሆይ፥ ወንድ ልጅህን ለደንበኛህ ባስተዋወቅህበት አፍ ሴት ልጅህንም አስተዋውቅ። እናትም በማኅበሯ ልጄ ተመረቀች ብቻ ሳትል፥ ልጇ ምን እንደ ተማረችና ምን መሥራት እንደምትችል ትናገር።

ወሬ መጠየቅና አድልዎ መለመን

በመጨረሻ ለክርስቲያን ቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። «ክፍት ቦታ ሲኖር ንገሩኝ፥ የምታውቁትንም መስክሩልኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ሌላውን አስቀርታችሁ የእኔን አስገቡ» ማለት ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው የተገኘ እንጀራ ፈተናውን በላቡ ካለፈው፥ የሌላ እናት ልጅ ከሆነው ወጣት የተወሰደ ነው። በአድልዎ የገባውም ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ያስገባው ሰው ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል። በሥራው ታውቆ የገባ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ይሠራል፤ ነገም ለሌላው ዋስ ለመሆን ይበቃል።

ስለዚህ ባለሥልጣን ዘመድ የለንም ብላችሁ የምታዝኑ ወላጆች ሆይ፥ አትዘኑ። ልጃችሁን ለመልካም ሰዎች አሳዩት፥ ሥራውም እንዲታይ አድርጉ። መንገዱን እግዚአብሔር ያቅናላቸው፤ እኛም ደጁን እናሳያቸው።