ፈሳሽ የፈሰሰበትን የላፕቶፕ ኪቦርድ ስለ መለወጥ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎችም የደቡብ ቆላ ከተሞች የሚሠሩ ብዙ ነጋዴዎች የዱቤ መዝገባቸውን፣ የዕቃ ቆጠራቸውንና ከአዲስ አበባ ጋር የሚጻጻፉትን ሁሉ በላፕቶፕ መያዝ ጀምረዋል። ላፕቶፑ የሚቀመጠው ደንበኛ በሚስተናገድበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወተት የገባበት ሻይም የሚቀርበው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ብርጭቆ ተገልብጦ በፊደል ቁልፎቹ ላይ ሲፈስ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ኪቦርዱስ እንዴት እንደሚለወጥ ባጭሩ መግለጽ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ኪቦርዱ ዋጋው አነስተኛ ከሆኑት የላፕቶፕ ክፍሎች አንዱ መሆኑ ነው። ውድ የሆነው ከበታቹ ያለው ማዘርቦርድ የሚባለው ዋና ሰሌዳ ነው። ገንዘቡ በዱቤ ተበትኖ በሰው እጅ ላለ ነጋዴ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው በውስጡ የተጻፈው ሒሳብ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ኪቦርዱን ማዳን ሳይሆን ፈሳሹ ወደ ታች እንዳይዘልቅ መከላከል ነው።

ፈሳሽ ብቻውን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ የሚያደርሰው ይብሳል። በሻይ፣ በወተትና በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያሉት ጨዎችና አሲዶች ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ኤሌክትሪኩም በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ የመዳቡን መስመር ይበላዋል። ስለዚህ ቻርጀሩ ወዲያው ይነቀል፤ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ ላፕቶፑ ይጥፋ፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነም ይውጣ። ቀጥሎም ክዳኑ ተከፍቶ ቁልፎቹ ወደ መሬት እንዲያዩ እንደ ድንኳን በጥላ ሥር ይቁም። በቆላው ፀሐይ ላይ ማስጣት አይገባም፤ ሙቀቱ ባትሪውንና ስክሪኑን ይጎዳል። በሩዝ ውስጥ መቅበርም ጥቅም የለውም፤ ሩዝ ወደ ውስጥ የገባውን ሻይ አይመጥም፤ ይልቁንም ዱቄቱን ይጨምርበታል። ባለሙያ በቅርብ ከተገኘ ስኳሩ ሳይደርቅ ከፍቶ አይሶፕሮፒል በሚባለው አልኮል ቢያጸዳው የተሻለ ነው። ባለሙያ ካልተገኘ ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይበራ ይቆይ።

ላፕቶፑ እንደ በራ የመጀመሪያው ሥራ ሒሳቡን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ቁልፎቹ እምቢ ቢሉ በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድ አገናኝቶ መሥራት ይቻላል። ጨርሶ ባይበራም ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ዲስኩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነና ፈሳሹ ካልደረሰበት በሌላ ኮምፒዩተር ሊነበብ ይችላል።

በአብዛኛው ላፕቶፕ ከቁልፎቹ ሥር መስመር የታተመባቸው ስስ የፕላስቲክ ንብርብሮች አሉ። ስኳርና ወተት በመካከላቸው ከገባ ማጽዳቱ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዱ ቁልፍ ይደነዝዛል፣ አንዳንዱም ሳይነካ ይጽፋል። ስለዚህ ኪቦርዱን መለወጥ ይቀላል።

አዲሱን ሲያዙ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያልገጠመ ዕቃ በሐዋሳና በአዶላ በኩል ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ እስኪመጣ ብዙ ቀን ይባክናል። ስለዚህ በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥርና በአሮጌው ኪቦርድ ጀርባ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር በፎቶግራፍ ተነሥቶ ለሻጩ ይላክ። የ«ኢንተር» ቁልፍ ቅርጽ በአሜሪካና በእንግሊዝ ዓይነቶች የተለያየ ስለሆነ፣ ቁልፎቹም ብርሃን ያላቸውና የሌላቸው ስላሉ፣ ይህም ይገለጽ። አማርኛ የሚጻፈው በፕሮግራም አማካይነት በላቲኑ ቁልፎች ስለሆነ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ፣ የአሜሪካው ዓይነት ለሁሉም ያገለግላል።

የመግጠሙ ሥራ በሁለት ይከፈላል። በአንዳንዱ ላፕቶፕ ኪቦርዱ በጥቂት ብሎኖች የተያዘ ስለሆነ ትንሽ ካቻቪቴ ይበቃዋል። በሌላው ግን፣ ለምሳሌ በማክቡክ፣ ከላይኛው ሽፋን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራው ለባለሙያ ይተው። በሁለቱም ዘንድ አስቀድሞ የባትሪው መሰኪያ ይነቀል። እንደ ሪባን ጠፍጣፋ የሆነው የኪቦርዱ ገመድ በጉልበት አይጎተትም፤ የሚይዘው ትንሽ መቆለፊያ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። አዲሱም ቀጥ ብሎ ገብቶ መቆለፊያው ይዘጋል። ሽፋኑ ከመታሰሩ በፊት ባትሪው ተሰክቶ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ይሞከሩ።

ላፕቶፕ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎችም አንድ ቃል እንጨምር። እንደ ቲንክፓድ ባሉት ዓይነቶች ውስጥ የፈሰሰውን ወደ ታች የሚያወጣ ቀዳዳ ያላቸው ብዙ ሞዴሎች አሉ፤ ይህን ለገዢው ማስረዳት ተገቢ ነው። ባለ ሱቁም አንድ የዩኤስቢ ኪቦርድ በመጠባበቂያ ቢያስቀምጥ፣ ሒሳቡንም በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ ቢገለብጥ፣ ሻይ ቢፈስ የሚደርስበት ኪሣራ ይቀንሳል።