ለሚያለከልክ ውሻ የሚሆን በረዶ

በየካቲት ቀትር ላይ ቴፒ አካባቢ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ ሌሊቱን ቡና ሲጠብቅ ያደረ ውሻ ተጋድሞ ታገኙ ይሆናል። ሆዱን ጥላው ካቀዘቀዘው አፈር ላይ ለጥፎ፣ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ከጌጫ የወረደ ሰው የሙቀቱ ልዩነት ወዲያው ይሰማዋል። ቴፒ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጌጫ ከእሷ በላይ ናት፤ 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ እንስሶቻችንን ከምንረዳባቸው ቀላል መንገዶች አንዱ ቤት ውስጥ የሚሠራ በረዶ ነው።

በመጀመሪያ የውሻውን ችግር እንረዳ። ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልበውም፤ ላቡ የሚወጣው በዋናነት በመዳፉ ሥር ሲሆን እሱም ትንሽ ነው። ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ትንፋሹ ምላሱና አፉ ላይ ያለውን እርጥበት ሲያተን ሙቀቱ አብሮ ይወጣል። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በገላው የሚሰርገው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ በእርጥበት ሲከብድ ግን ትነቱ ይዳከማል። ስለዚህ በደን በተከበበው በእኛ አካባቢ 30 ዲግሪ በደረቅ ቆላ ካለው 30 ዲግሪ ይልቅ ውሻን ያስጨንቃል።

በረዶ እዚህ ላይ ይረዳል። 1 ግራም በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 80 ካሎሪ ሙቀት ይወስዳል፤ ይህ 1 ግራም ውኃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ከዚህም በላይ በረዶ የሚልስ እንስሳ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፣ ውኃም ቀስ እያለ ይገባለታል። የውኃውን ሳህን ግን አይተካም፤ ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የበሰለ ፓፓያ ልጡና ፍሬውን በሙሉ አውጡ፤ ሥጋውን አድቅቃችሁ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ቀላቅሉ። ሙዝም በዚሁ መንገድ ይሆናል፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር የሌለው እርጎ ቢጨመርበት ውሻ ይወደዋል። በፕላስቲክ ኩባያ ወይም በፍሪጅ የበረዶ መሥሪያ ቀድታችሁ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። የእንስሳው መሥሪያ ከቤተሰቡ የተለየ ይሁን።

ድመት ካለቻችሁ ፍራፍሬውን ተዉት። ድመት የጣፋጭ ጣዕም አይሰማትም፤ የሥጋ መረቅ ግን ትወዳለች። ሥጋ ስትቀቅሉ ሽንኩርት፣ ጨውና በርበሬ ከመግባቱ በፊት መረቁን ጨልፋችሁ አስቀሩ፤ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ አንሱና በትንንሽ ቁራጭ አግግሩት። የዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ ከዚሁ የሙቀት ወቅት ጋር ስለሚገጥም በጾም ቤት መረቅም እርጎም ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ለውሻው ፓፓያውና ሙዙ ይበቃሉ፤ ለድመቷ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ።

ምን እንደምናስቀር ማወቅ ምን እንደምንጨምር ከማወቅ ይበልጣል። በቡና አገር የመጀመሪያው ክልክል ቡና ነው። ካፌይን የውሻንና የድመትን ልብ ያስሮጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ሲበዛም ይገድላል። የጀበና ዝቃጭ ውሻ በሚደርስበት ቦታ አይደፋ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳሉ፤ የወጥ ትራፊን አግግሮ መስጠት የማይገባው ለዚህ ነው። ወይን፣ ዘቢብ፣ ቸኮላትና ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶልም ለውሻ መርዝ ናቸው። አቮካዶም ይቅር፤ ፍሬው ሊያንቅ ይችላል፣ ስቡም ሆድ ያውካል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ በረዶው ውስጥ አታስገቡት።

በረዶውን ከማቀዝቀዣ እንዳወጣችሁ አትስጡ፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ በረዶ ጥርስ ይሰብራል። 5 ደቂቃ ያህል ይቆይና መላስ እንጂ መዋጥ በማይቻልበት መጠን፣ በታጠበ ሳህን፣ ጥላ ውስጥ አቅርቡለት። መጠኑም ይመጠን፤ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ነገር ከቀን ምግቡ ከአሥር አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን መረቅ መልሳችሁ አታግግሩ፤ ከሸተተ ይደፋ።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤትም እንስሳውን መርዳት ይችላል። ከእንስራ የተቀዳ ውኃ በጥላ አቅርቡ፣ የሚተኛበትን ጆንያ በውኃ አርጥቡ፣ መንገድ የምትሄዱም ከሆነ በማለዳ ሂዱ።

በረዶ መከላከያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ሲደርስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ማለክለኩ ካልቆመ፣ ለሐጩ ከወፈረ፣ ድዱ ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰ በአፉ ምንም በግድ አታስገቡ። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ገላውን በሙሉ በቀዝቃዛ ውኃ አርሱት፣ አራግቡለት፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ማታ ኩባያ ሞልቶ ማሳደርና ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ አልጋው ሥር ማድረስ ይቀላል። ሌሊቱን ለቡናችን የነቃ ውሻ ቀኑን በሰላም ሊተኛ ይገባዋል።