ግራው ገጽ የታሰበው፣ ቀኙ ገጽ የሆነው

የሮማ ደብተሬ አሥራ አንደኛ ገጽ ላይ የቡና ስኒ ያረፈበት ቡናማ ክብ አለ። ክቡ መሀል በእርሳስ «ቆሞ 1.20፣ ተቀምጦ 4» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጣሊያን አገር ባንኮኒ ተደግፎ ቡና የሚጠጣና ወንበር ስቦ የሚጠጣ እኩል እንደማይከፍል አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ ሂሳቡ ሲመጣ ነው የገባኝ። ከዚያ ጉዞ ያመጣኋቸው ሦስት መቶ ምናምን ፎቶዎች ስልኬ ውስጥ የት እንደገቡ እንጃ። ክቡ ግን ደብተሩን በከፈትኩ ቁጥር ቦታው ላይ አገኘዋለሁ።

ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ይህን ደብተር ነው። ከተማ ሊያይ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ የሚያቅድበት፣ ደርሶ የሚመዘግብበት ባዶ የኪስ ደብተር። የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ አይደለምና የትኛው ሆቴል እንደሚሻል አይነግርም። የዕለት ውሎ መዝገብ ብቻም አይደለም፤ ግማሽ ሥራውን የሚሠራው እቤት ተቀምጦ፣ ቪዛ ሲጠበቅ ነው።

ዝነኛው ዓይነት ቁመቱ 14፣ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥቁር፣ ሽፋኑ ጠንካራ፣ ማዕዘኑ ክብ ነው። ክብ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሹል ማዕዘን ኪስ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይበጣጠሳል። ከኋላው ሽፋን ጋር የተያያዘው ላስቲክ ደብተሩን ጨምቆ ይይዛል፤ ትኬትና ደረሰኝ በየመሀሉ ቢሰገሰግ አይፈስም። ለገጽ ማስታወሻ ክር አለው፤ የኋላው ሽፋን ውስጥ ደግሞ ተጣጣፊ ኪስ አለ። ቅጠሎቹ በክር የተሰፉ ስለሆኑ ሲከፈት ይተኛል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብረት ይዞ ለሚጽፍ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ስሙ ሞልስኪን ይባላል። ቃሉ መነሻው እንግሊዝኛ ሆኖ የፍልፈል ቆዳ ማለት ነው፤ ፍልፈል ግን የለበትም። ድሮ እንደ ፍልፈል ጠጉር ለስለስ ያለ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ፈረንሳዮች ስሙን ወስደው ለሙሸማ ሰጡት፤ በሙሸማ የተለበጡ ደብተሮችም በዚያው ተጠሩበት። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ብሩስ ቻትዊን ደብተሮቹን ፓሪስ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ሶንግላይንስ በተባለው መጽሐፉ ስለነዚህ ደብተሮች ተርኳል። ገጾቹን ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ፊተኛው ገጽ ላይ አድራሻውን ይጽፋል፣ ወድቆ ላገኘው ሰው ወሮታ እንደሚከፍልም ያሰፍራል። ፓስፖርት ቢጠፋበት ግድ አልነበረውም፤ ደብተር ከጠፋበት ግን ጥፋት ነው። አውስትራሊያ ከመሄዱ በፊት መቶ ደብተር ሊያዝ ሲል ነው ቱር ከተማ የነበረው ትንሽ የቤተሰብ ፋብሪካ ባለቤቱ ሞቶ መዘጋቱን የሰማው።

ያንን መጽሐፍ ያነበበች ማሪያ ሴብሬጎንዲ የምትባል ጣሊያናዊት ሐሳቡን ሚላን ለሚገኘው ሞዶ ኤ ሞዶ ኩባንያ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ1997 ደብተሩ እንደገና ገበያ ወጣ። ማስታወቂያው የሄሚንግዌይና የፒካሶ ደብተር ነው ይል ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሄሚንግዌይ ከሞተ 36 ዓመት አልፎት ነበርና የተጠቀመበት ደብተር ቢመስለው እንጂ ራሱ ሊሆን አይችልም። እኔ በበኩሌ ለዚህ አልቀየማቸውም። ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃው ደግሞ ጥሩ ነው።

ለከተማ ተጓዥ ታስቦ የተሠራው ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለፓሪስ፣ ለለንደን፣ ለሮማና ለሌሎች ከተሞች ለየብቻ ወጣ። ፊቱ ላይ በየሰፈሩ የተከፋፈለ ካርታ፣ የጎዳናዎች ማውጫና የሜትሮ መስመር አለው። ከዚያ ባዶ ገጽ ይከተላል፤ ወደ ኋላ ደግሞ እንደ ስልክ ደብተር ጠርዙ የተቆረጠ፣ ምግብ፣ ሰው፣ ቦታ እያሉ ለይቶ መመዝገቢያ ክፍል አለ። ከሁሉ የወደድኩለት ግን አሳላፊውን ተለጣፊ ወረቀት ነው። ካርታው ላይ ትለጥፉታላችሁ፣ የዛሬውን መንገድ ትስሉበታላችሁ፣ ማታ ትነቅሉታላችሁ። ካርታው ንጹሕ ሆኖ ለነገ ይተርፋል።

ለኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች የጎዳና ማውጫ የሚባለው ነገር መጀመሪያ ግር ይላል። እኛ ቤታችንን የምንናገረው «ከማደያው ዝቅ ብሎ፣ ሱቁ ጋ ሲደርሱ በስተግራ» እያልን ነው፤ የጎዳናውን ስም ብንጠየቅ አብዛኞቻችን አናውቀውም። እኔም ለሮማ ጉዞዬ ማውጫ ማገላበጥ የጀመርኩት ለጨዋታ ያህል ነበር። ከዚያ የማውቃቸው ስሞች ይወጡ ጀመር። በሰሜን በኩል አፍሪካ ሰፈር የሚባለው አካባቢ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ኤርትራ ጎዳና፣ ጣና ሐይቅ መንገድ፣ ተምቤን መንገድ አለው። ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. ጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወታደሮች። የሮማን ባቡር ጣቢያ የረገጠ ሐበሻ ሁሉ ሳያውቀው አሉላ በደመሰሷቸው ወታደሮች ስም በተጠራ አደባባይ ሻንጣ ይጎትታል ማለት ነው።

የኔን ደብተር አሠራር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። የተከፈተውን ደብተር ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግራው ገጽ ከቤት ሳልወጣ የምጽፈው እቅድ ነው። ቀኙን ባዶ እተወዋለሁ፤ ማታ ሆቴል ገብቼ የሆነውን እጽፍበታለሁ። ግራውን ፈጽሞ አልሰርዝም፣ አላርምም። ያሰብኩትና ያገኘሁት ፊት ለፊት ተፋጠው እንዲቀሩ ነው የምፈልገው።

የሁለተኛው ቀን ግራ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ዶጋሊ ሐውልት፣ አምባ አራዳም ጎዳና፣ ፖርታ ካፔና፤ ሁሉም በእግር። ካርታው ላይ ከስንዝር አይበልጥም።

ቀኙ ገጽ ረዘም ይላል። ዶጋሊ ሐውልት ጣቢያው አጠገብ ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ የቆመ የግብፅ ድንጋይ ነው፤ ራምሴስ ሁለተኛ ያስጠረበው። የሟቾቹ ስም ከሥሩ ተጽፏል። ሁለት ልጆች ተደግፈውት ሳንድዊች ይበሉ ነበር። አምባ አራዳም ጎዳና ላይ ውሃ ልገዛ ገብቼ ባለሱቋን የስሙን ትርጉም ብጠይቃት ሳቀችና በእጇ አየሩን እያማሰለች «አምባራዳን! ትርምስ ማለት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ኢትዮጵያና ጣሊያን የተዋጉበት ተራራ ስም ጣሊያንኛ ውስጥ ገብቶ የዝብርቅርቅ ነገር መጠሪያ ሆኗል። ተራራ መሆኑን ስነግራት ግን አላመነችኝም። ስሙን በአማርኛ ጽፌ አሳየኋት፤ ፊደሉን አየች እንጂ ተራራውን አላየችም።

ፖርታ ካፔና ስደርስ መሽቶ ነበር። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 መጥቶ የተተከለው እዚህ ነው። ከ1951 ጀምሮ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ሕንጻ ፊት ለፊት ቆሞ ኖረ፤ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፣ በ2008 ቦታው ላይ ተተከለ። ደብተሩ ላይ ያን ማታ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ባዶ ቦታ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ በእግሬ መጣሁ፤ ደስ ብሎኛል።» ስልኬን አውጥቼ ነበር። ምኑን ላንሳው? መኪና ያልፋል፣ መብራት ይበራል። የሌለ ነገር ፎቶ አይወጣለትም፤ ይጻፋል እንጂ።

ሦስተኛው ቀን ግራው ገጽ ክፉኛ የዋሸበት ነው። ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የአበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ድሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያርፉበት ነበር፤ አባ ተስፋ ጽዮንም እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮማ ላይ ያሳተሙት እዚያው ሲኖሩ ነው። «ገብቶ መሳለም» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀኙ ገጽ ላይ ያለው «ማንም ዘው ብሎ አይገባም» የሚል ነው። ይልቅ 551 ደረጃ ወጥቼ ከባዚሊካው ጉልላት ላይ እዚያው ቫቲካን ያለውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንጻ በአትክልቱ መሀል ቁልቁል አየሁት። ጉልበቴ እስከ ማግስቱ አላረፈም።

የዚያው ቀን ሌላ ጉድ አለ። የአንድ ሙዚየም ትኬት ለጠዋት ቆርጬ ግራው ገጽ ላይ በኛ አቆጣጠር «3 ሰዓት» ብዬ መዝግቤ ነበር። ሮማ ሁለት ቀን ስቆይ ጭንቅላቴ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ዞሯል። ከሰዓት በኋላ በነሱ ሦስት ላይ እየተዝናናሁ በሩ ላይ ደረስኩ። ትኬቱ ስድስት ሰዓት አልፎበታል! ጥፋቱ የእጄ ጽሑፍ ነው፤ ማንን እከሳለሁ? ከዚያ ወዲህ «ጠዋት 3፣ በነሱ 9» ብዬ ሁለቱንም ሳልጽፍ አላልፍም።

ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚል አይጠፋም። ስልክ መንገድ በማሳየት ደብተርን ያስከነዳል፤ እኔም ስጠፋ የማወጣው እሱን ነው። ግን ስልክ መድረሻውን ስትነግሩት ቀጥታ ይወስዳችኋል፤ እናንተ ለምን እዚያ መሄድ እንደፈለጋችሁ አይጠይቅም። ሳይነሱ በእጅ የተጻፈ እቅድ ይጠይቃል። ቦታ ስለሚያንሰው ከአሥር ነገር ሦስቱን አስመርጦ ሰባቱን ያስጥላል።

ለዚህ ደግሞ የሚላኑን ደብተር መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ዋጋው ለወረቀት ይበዛል። የሮማው የኔ ደብተር ከመርካቶ የተገዛ ተራ ጥቁር ደብተር ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነጻ ካርታ የምፈልጋቸውን ሰፈሮች አትሜ ፊተኞቹ ገጾች ላይ በማስቲሽ ለጠፍኩ። የኋላውን ኪስ ከፖስታ ሠራሁ፤ በአሳላፊው ወረቀት ፈንታ አርክቴክቶች የሚስሉበትን ስስ ወረቀት ቆርጬ ከተትኩ። መሥሪያ ቤቶች ለአዲስ ዓመት የሚያድሉትን አጀንዳ ግን አልመክርም፤ ቀኑ ስለታተመበት ብዙ የሆነበትን ቀን ያሳጥራል፣ ምንም ያልሆነበትን ያስረዝማል። መጻፊያው እርሳስ ቢሆን ይሻላል፤ ዝናብ ቢመታው አይፈስም።

አንድ አደራ። ፊተኛው ገጽ ላይ ስማችሁንና ስልካችሁን ከነአገሩ ኮድ ስትጽፉ በላቲን ፊደልም ድገሙት። ደብተሩ ታክሲ ውስጥ ቢቀር የሮማ ባለታክሲ አማርኛ አያነብም።