አረሙ አልደረቀም? ከኬሚካሉ በፊት ውሃውን ይፈትሹ

ወላይታ ሶዶ፦ አርሶ አደሩ ከመዝራቱ በፊት ማሳውን ፀረ-አረም ይረጫል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን አረሙ እንደለመለመ ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ኬሚካሉ ነው። ይሁንና ከሚረጨው ድብልቅ አብዛኛው ውሃ በመሆኑ የውሃው ጥራትም ውጤቱን ይወስናል።

ከዘር በፊት አረም ለማድረቅ የሚውለው ግላይፎሴት ከሸክላ አፈር ጋር አጥብቆ ይጣበቃል። በደፈረሰ ውሃ ከተበጠበጠ ቅጠሉ ላይ ከማረፉ በፊት ጭቃው ይይዘውና ኃይሉን ያጣል። የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ የያዘው በተንሳፈፈ ደለል ምክንያት ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው የብላቴ ወንዝም በዝናብ ወቅት ይደፈርሳል።

ጥርት ያለ የጉድጓድ ውሃም ቢሆን ካልሲየምና ማግኒዚየም ከበዛበት ግላይፎሴትን ያዳክማል። አንዱ ምልክት ሳሙና በቀላሉ አረፋ አለመስጠቱ ነው።

ደፍራሳውን ለመለየት በባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ሳንቲም ይጣል፤ ከላይ ሲታይ ሳንቲሙ ካልተለየ ውሃው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በጨርቅ ማጥለል የመርጫው አፍንጫ እንዳይደፈን ይረዳል እንጂ ደቃቁን ሸክላ አያስቀርም። ከጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ የተሻለ አማራጭ ነው።

አረሙ አልደረቀም ብሎ መጠኑን በዘፈቀደ ማብዛት ግን ወጪን ከማናሩም በላይ ጤናንና አካባቢን ይጎዳል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን መጠበቅ፣ የተበጠበጠውን በዕለቱ መርጨትና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል። መርጫውንም ሰውና ከብት በሚጠጡት ወንዝ ወይም ምንጭ ዳር ማጠብ አይገባም።