ጢስና የቤተ ሰብ ጤና በካርቱም

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም፣ በመንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥሎ ሻይና ቡና እያፈሉ መሸጥ ለብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኖ ኖሯል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሚያዝያ 2023 ጦርነት እስከ ተነሣ ድረስ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በዚህ ሥራ ቤተ ሰባቸውን ይረዱ የነበሩ እኅቶቻችን ጥቂቶች አልነበሩም። ስለ ሳንባ ካንሰር ይህን ስንጽፍ እነርሱን እያሰብን ነው።

አስቀድመን ሁለት በሽታዎችን እንለይ። ሕዝባችን «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው በተሕዋስያን የሚመጣውንና ተላላፊውን ደዌ ነው። ካንሰር ግን የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ያለ ልክ ሲባዙ የሚፈጠር ስለ ሆነ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሁለቱም ያስላሉ፤ ደምም ሊያስተፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ሳይቀመጥ ወደ ሐኪም ይሂድ።

የሳንባ ካንሰር ዋና መንሥኤ ትምባሆ ነው። ዶልና ሂል የተባሉት እንግሊዛውያን ሊቃውንት በ1950 ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከመቶው 85 ያህሉ ከማጤስ የተነሣ መሆኑን ይገልጻል። የሺሻው ውሃ ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አጥቦ አያስቀርም፤ ከሰሉም የራሱን መርዝ ይጨምርበታል። ሱዳናውያን ከከንፈር ሥር የሚይዙት ቶምባክ ጢስ ባይኖረውም የአፍ ካንሰር ያስከትላል።

የማያጤሱትም ከአደጋው ነጻ አይደሉም። አባት በቤት ውስጥ ሲያጤስ ሚስትና ልጆች ጢሱን ይካፈላሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2013 የተበከለውን የውጭ አየር ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል ቈጥሮታል፤ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጢስንም ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት መድቦታል።

ሻይ ሻጭዋን «ምድጃሽን ተዪ» ማለት «እንጀራሽን ተዪ» ማለት ስለ ሆነ እንዲህ አንላትም። ነገር ግን ነፋሱ ጢሱን ከፊትዋ በሚወስድበት ወገን ትቀመጥ፤ ሕፃንዋን ከምድጃው ታርቅ፤ ከሰሉንም በተዘጋ ክፍል አታንድድ።

አባወራው ደግሞ ትምባሆውን ይተው። ትምባሆ የተወ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው ማጤሱን ከቀጠለው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንስለታልና፣ ለመተው ጊዜው አልፏል ብሎ ተስፋ አይቍረጥ።