ስንቱን ነው ያመመው?

ሐርቡ፣ አንድ ዘመዴ ግቢ ውስጥ አራት ውሾች አሉ። ነብሮ ሌሊት በር ይጠብቃል። መቻል ከበጎቹ ጋር ይውላል። ቡቺ ከመጣች ጀምሮ ሥራዋ መውለድ ነው፤ አራተኛው ገና ስም ያልወጣለት ቡችላዋ ነው። በጥር ወር አንድ ማለዳ የቤቱ እመቤት ለእንስሳት ሐኪሙ ደውለው፣ «ልጄ፣ ውሻው ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ» አሉት። ሐኪሙ የትውከቱን መልክ ይጠይቃል ብለው ሲጠብቁ፣ «እናቴ፣ ስንቱን ነው ያመመው?» አላቸው። እሳቸው ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ቀልድ አልነበረም። አንድ ውሻ ብቻ ያለው ሰው ውሻው ሲታመም የሚያነጻጽረው የለውም። አራት ያለው ግን ሦስት ምስክር አለው። በአንድ ግቢ ከሚያድሩ፣ አንድ ውሃ ከሚጠጡ ውሾች ማን ታመመ፣ ማን ዳነ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት የሚለው ብቻ ከየትኛውም መድኃኒት በፊት ብዙ ይናገራል።

ያን ቀን የታመመው ነብሮ ብቻ ነበር። አንዱ ታሞ ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ፣ ብቻውን የበላውን መፈለግ ነው። ማታ የጎረቤት ሰርግ ነበር፤ ነብሮም ዳሱ ሥር አምሽቷል። ጮማው፣ አጥንቱ፣ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ፣ ሁሉም ደርሶታል። የበሰለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ጮማው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ እኛ «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ስንናደድ ነው፤ ውሻ ግን ጮማ ሲበዛበት ቆሽቱ በእውነት ይቆጣል። ሐርቡ ላይ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ከደሴ ብርድ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ በከሚሴ መንገድ ሐርቡ የደረሰ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ደሴ ላይ እስከ ነገ የሚቆይ ወጥ እዚህ ማታውን ሽታው ይለወጣል። የተለወጠው ደግሞ የሚደፋው ለውሻ ነው።

ሁሉም በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንድ ላይ ከታመሙ ነገሩ ሌላ ነው፤ አብረው የበሉት አለ ማለት ነው። ቀላሉ የተበላሸ ምግብ ነው። ከባዱ መርዝ ነው። በአገራችን ከተሞች ባለቤት አልባ ውሾችን በሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን አድርጎ የመግደል ልማድ ኖሯል፤ ሥጋው ደግሞ ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይም። ውሻው እግሩን አድርቆ የሚንቀጠቀጥ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ ከሆነ የሆድ ነገር አይደለም፤ ወተት እያጠጡ ሰዓት ማጥፋት ሳይሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ሦስተኛው መልክ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ሲታመም ነው። ይህ የሚጋባ በሽታ ነው፤ የሁሉም ክፉ ፓርቮ ነው። ቫይረሱ ለዓለም የታወቀው በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በሁለት ዓመት ገደማ ብዙ አገር አዳርሷል። ቡችሎችን ይመርጣል። ቡችላው መጀመሪያ ይፈዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ ከዚያ ትውከትና የሚገማ፣ ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይከተላል። ክፋቱ ምልክቱ ሳይታይ ዓይነ ምድሩ ቫይረሱን መርጨት መጀመሩ ነው፤ አፈር ውስጥም ለወራት ይቆያል። ሳሙናና አልኮል አይበግሩትም። የሚገድለው በረኪና ነው፤ ቆሻሻው አስቀድሞ ታጥቦ፣ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይደረጋል። ክትባቱ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሐርቡ ባለችበት በቃሉ ወረዳ፣ በሙስሊም ቤቶች የውሻ ዕቃ ከሰው ዕቃ አይቀላቀልም፤ ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። በሰውና በውሻ መካከል እንዲህ ጥብቅ አጥር አለ። በውሾቹ መካከል ግን ምንም የለም፤ አራቱም ከአንድ ጎድጓዳ ድንጋይ ይልሳሉ። በሽታው በዚያች ድንጋይም ያልፋል።

የትላትል ነገር ደግሞ ሰዓት አይቆጥርም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቡችላ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ከሳ ማለት ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው። ከኮሶ ትል ወገን የሆኑት ግን የውሻውን ሆድ እምብዛም ሳይነኩ ሌላውን ይጎዳሉ። በአረፋ ሰሞን ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ሲጣል፣ ውሻው ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ትል ያድጋል፤ እንቁላሉ ሰው ሆድ ከገባ ጉበቱ ላይ ለዓመታት የሚያብጥ ከረጢት ይሆናል። የበግ ጭንቅላት ከአንጎሉ ጋር የበላ ውሻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትል ይይዛል፤ እንቁላሉ በሣር በኩል ወደ በግ ሲመለስ እረኞች «አዙሪት» የሚሉት በሽታ ይሆናል፤ በጉ እየዞረ እየዞረ ይወድቃል። መቻል ከበጎቹ ጋር ስለሚውል ይህ ለዘመዶቼ ሩቅ ወሬ አይደለም። የታመመ ጉበትና ሳንባ ውሻ በማይቆፍርበት ጥልቀት ይቀበራል፤ ውሾቹም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት በየጊዜው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይወስዳሉ። ለአንዱ ብቻ መስጠት ከንቱ ልፋት ነው።

ወደ ነብሮ ስንመለስ፣ ሐኪሙ ያዘዘለት ቀላል ነበር። መጀመሪያ ከሌሎቹ ለይቶ ጥላ ሥር ማሰር፤ አለዚያ የማን ተቅማጥ እንደሆነ አይታወቅም፣ ለበሽተኛው የተሠራውንም ጤነኛው ይበላዋል። ለግማሽ ቀን ምግብ መከልከል፤ ይህ ለደኅና ትልቅ ውሻ እንጂ ለቡችላ አይሆንም፣ ቡችላ በረሃብ ቶሎ ይደክማል። ውሃ አይከለከልም፤ ግን ጥቂት በጥቂት ነው። የጤና ጣቢያው ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሆናል። ከዚያ ቅቤም በርበሬም ያልነካው ሩዝ ከተቀቀለ ዶሮ ጋር፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ በትንሹ። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ከሰው መድኃኒት ከረጢት ምንም አይወጣም።

ድርቀትን ለማወቅ የትከሻ ቆዳን ቆንጥጦ መልቀቅ ነው፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አልቆበታል። ድዱን በጣት ተጭነው ሲለቁት ከሁለት ሰከንድ በላይ ነጥቶ ከቆየም እንዲሁ። ደም፣ የጠጣውን ሁሉ መመለስ፣ ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም አለማውጣት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። ቡችላ ከሞተ ከመቅበር በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ ደሴ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ አፍ ውስጥ ግን «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅ መክተት አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ይጀምራል።

ነብሮ ሦስት ቀን ታስሮ ሩዙን በላ። ሦስቱ ውሾች ገመዱ ከማይደርስበት ቦታ ተቀምጠው ዶሮውን እያዩ ምራቃቸውን ይውጡ ነበር። በአራተኛው ቀን ሲፈታ መጀመሪያ የሮጠው ወደ መቻል ሳህን ነው።