ሰው ሰራሽ ረቲናና ተጣጣፊ ኤሌክትሮዶቹ ለየትኛው የዓይነ ስውርነት ዓይነት ያገለግላሉ?

ብርሃናቸውን ላጡ ወገኖች ከፊል እይታን የሚመልስ ሰው ሰራሽ ረቲና ለመሥራት በዓለም ላይ የሚካሄደው ምርምር ባለፉት 20 ዓመታት ተጨባጭ ውጤት አስመዝግቧል። ቴክኖሎጂው ለየትኛው ዓይነ ስውርነት እንደሚያገለግል ለይቶ ማወቅ እንደ ደቡብ ጎንደር ባሉ አካባቢዎች የጤና ዕቅድ ለሚያዘጋጁ ኃላፊዎች ጠቃሚ ይሆናል።

ረቲና በዓይን ኳስ የኋላ ግድግዳ ላይ የተነጠፈ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጣሉ፤ የነርቭ ሕዋሳቱ ደግሞ መልእክቱን በዓይን ነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ያደርሳሉ። ሬቲናይተስ ፒግመንቶዛ በተሰኘው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ብርሃን ተቀባዮቹ ቢሞቱም ከነርቭ ሕዋሳቱ ብዙዎቹ በሕይወት ይቆያሉ። ሰው ሰራሹ ረቲና እነዚህን ሕዋሳት በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቀሰቅሳል።

ኤሌክትሮዶቹ የሚያርፉበት ገበታ ተጣጣፊ እንዲሆን የሚፈለገው የዓይን ውስጥ ጎድጓዳ፣ ረቲናም ለስላሳ በመሆኑ ነው። ግትር ገበታ በአንድ በኩል ረቲናውን ሲጫን በሌላ በኩል ይርቀዋል። ኤሌክትሮድ ከሕዋሳቱ በራቀ ቁጥር የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል፤ ኃይሉም ስለሚበተን ምስሉ ይደበዝዛል። በሌላ በኩል ስስ የሆነው ገበታ የሰውነት ፈሳሽ እንዳያሰርግና በውስጡ ያሉት የብረት መስመሮች እንዳይሰነጠቁ ማድረግ የተመራማሪዎች ዐቢይ ፈተና ነው።

እ.ኤ.አ በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው አርገስ 2 በስስ ፕላስቲክ ላይ የተደረደሩ 60 ኤሌክትሮዶች ነበሩት። በመነጽር ላይ ከተገጠመ ካሜራ መልእክት እየተቀበለ በርን፣ መስመርንና እንቅስቃሴን ለመለየት ያስችል ነበር። በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በበኩላቸው እ.ኤ.አ በ2018 ተጣጥፎ በጠባብ ቀዳዳ ከገባ በኋላ በዓይን ውስጥ የሚዘረጋ የሲሊኮን ገበታ ይፋ አድርገዋል።

ይሁን እንጂ የአርገስ 2 አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2019 ምርቱን በማቆሙ ተጠቃሚዎች አስተማማኝ ጥገና አጥተዋል። ይህም ማንኛውም በሰውነት ውስጥ የሚተከል መሣሪያ የዘለቄታ ክትትል እንደሚያስፈልገው ያመለክታል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዳሰሳ ጥናት ከሕዝቡ 1 ነጥብ 6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አረጋግጧል። ከመንስኤዎቹ ውስጥ የዓይን ሞራ ግርዶሽ 49 ነጥብ 9 በመቶውን፣ በትራኮማ የሚመጣ የብሌን ጠባሳ ደግሞ 11 ነጥብ 5 በመቶውን ይዘው ነበር። በዚሁ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕጻናት 62 ነጥብ 6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው።

ሁለቱም መንስኤዎች የብርሃኑን መንገድ የሚዘጉት ረቲና ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለሆነም ሰው ሰራሽ ረቲና ለእነዚህ ሕሙማን መፍትሔ አይሆንም። የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ሽፋሽፍትም ብሌኑን ፍቆ ጠባሳ ከመፍጠሩ በፊት በሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊስተካከል ይችላል። ጊዜው ካለፈና ብሌኑ ክፉኛ ከተጎዳ ግን የሚቀረው አማራጭ በአብዛኛው የብሌን ንቅለ ተከላ ነው፤ ይህም በለጋሾች ላይ የተመሠረተ ነው።

በመሆኑም ከወንዛዬ እስከ ወረታና ፎገራ ሜዳ በሚገኙ ቀበሌዎች ብርሃኑን ያጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ተመርምሮ መንስኤው እንዲለይ ማድረግ ይገባል። የምርመራ ውጤት ሳይኖር ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚመለስ እይታን ሊያጣ፣ የውጭ አገር ሕክምናን ተስፋ ያደረገም ጥሪቱን በከንቱ ሊያባክን ይችላል። የረቲና በሽታ ያለባቸው ወደ ከፍተኛ የዓይን ሕክምና ተቋማት እንዲላኩ፣ የሽፋሽፍት ችግር ያለባቸው ደግሞ ሳይዘገዩ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ በየደረጃው ያሉ የጤና ጽሕፈት ቤቶች በዕቅዳቸው ሊያካትቱት ይገባል።